ልጄን ሰው ሁሉ «ጨዋ» ይላታል፣ እኔ ግን ኦቲዝም እንዳይሆን እጠረጥራለሁ (ጎንደር)

የማራኪዋ ልብስ ሰፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። የምጠይቃችሁ ስለ እሷ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መጠርጠር የጀመርኩት በወንድሜ ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት አፉን አልፈታም ነበር፤ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ የጠርሙስ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። ሆስፒታል ወሰዱት፣ ኦቲዝም ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ልጁን እንድንረዳለት ብሎ ስለ ኦቲዝም የተጻፈ ነገር በስልክ ይልክልኛል። ባነበብኩ ቁጥር ግን ፊቴ የሚመጣው የእሱ ልጅ ሳይሆን የእኔዋ ሆነች።

ልጄ እንደ እሱ አይደለችም። አፏን የፈታችው በጊዜዋ ነው፣ እንዲያውም ከእኩዮቿ ቀድማ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት አልፋለች። እንግዳ ሲመጣ ተነሥታ ትስማለች፣ ታስታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች። ቀና ብላ ሰው አታይም፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ ከቤት አትወጣም። ጎረቤቶቼ «ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ ሰጠሽ!» ይሉኛል። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ለሴት ልጅ ምስጋና ነው።

ከበሩ ወዲህ ያለውን የማየው ግን እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ ጓዳ ገብታ፣ መጋረጃውን ዘግታ፣ ጋቢ ተከናንባ ትጋደማለች። እንቅልፍ አይደለም። እስከ ራት ድረስ ማንም እንዲያናግራት አትፈልግም፤ ታናሽ ወንድሟ ማንኪያ ከሳህን ጋር ካጋጨ ጆሮዋን ይዛ ታለቅሳለች። ትምህርት ቤት ሄጄ ስጠይቅ ደግሞ «እንደ እሷ የታረመች ልጅ የለችም» ነው የሚሉኝ።

ልብስ ሌላው መከራችን ነው። ስፌት ቆዳዋን ይበላታል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የውስጥ ልብሷን የምሰፋላት ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጌ ነው። የተገዛ ልብስ ከሆነ አንገቱ ላይ ያለችውን ጨርቅ ክሯን በምላጭ እየፈታሁ አነሣላታለሁ፤ በመቀስ ከቆረጥኩት የቀረው ጫፍ ይወጋታል። የጥምቀት ቀሚሷ ጥልፉ ደረቷን እንዳይነካት ከሥሩ ለስላሳ ገበር አገባበታለሁ፣ ያም ሆኖ ብዙ አትቆይበትም። ሹሩባ ስትሠራ የምታለቅሰውን ልቅሶ ዘመድ «ቅብጠት» ይለዋል። የቀበጠ ልጅ እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቼ አላውቅም።

ደግሞ አንድ ደብተር አላት። የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ መዝግባበታለች፤ የታቦቱን ስም፣ ወርኃዊ በዓሉን፣ ዓመታዊ ንግሡን፣ ለጥምቀት በየት መንገድ እንደሚወርድ። ሰው «የተባረከች» ይላታል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ማውራት ከጀመረች አታቆምም፣ የሰሚው ፊት ሲሰለች አይታወቃትም፤ መሐል ላይ ካቋረጥኳት ከቁስቋም ጀምራ እንደገና ትወጣዋለች። ይህን ሁሉ እያወቀች ጥምቀት ሲደርስ ፋሲለደስ መዋኛ መሄድ አትችልም። እልልታው፣ ከበሮው፣ ግፊያው። አንድ ዓመት ይዣት ሄጄ ከግንቡ ሥር ቁጢጥ ብላ ጆሮዋን ደፈነች፤ ሰው «መንፈስ ነው» እያለ ከበባት፣ ከዚያ ጭራሽ ባሰባት።

ጓደኛ አንዲት ብቻ ነበረቻት። አሳሳቋን፣ አረማመዷን፣ የእጅ ጽሑፏን ሳይቀር እንደ እሷ አድርጋ ነበር። ልጅቷ በክረምቱ ከቤተሰቧ ጋር ባሕር ዳር ሄደች። 9ኛ ክፍል ከተጀመረ ወዲህ ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ትላለች፣ ምግብም ቀንሳለች። አንድ ጤና ተቋም ወስጃት የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተው «ዓይን አፋርነት ነው፣ ስታድግ ይለቃታል» ብለው መለሱን።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ኦቲዝም በሴት ልጅ ላይ እንዲህ ሆኖ ሊመጣ ይችላል? ከሆነስ ለምንድን ነው ከእኔ በቀር ማንም የማያየው?

ጋሽ አራዳ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። እኔ ልጆችም የልጅ ልጆችም ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ጯሂ ነው፣ አንዱ ዝምተኛ ነው። ዝምታ በሽታ አይደለም። የምፈራልሽ ነገር ስም እንዳይወጣባት ነው። ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ትዳር አለ፣ አገሩ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ወሬ አይደበቅም። ጠበል ውሰጃት፣ ሱባኤ ያዙ። በክፉ እንዳታይብኝ፣ ስለማዝንላት ነው።

ሲስተር፦

ጋሼ፣ ስለ ጠበሉ የሚከራከርዎት የለም፤ እኔም በጠበል ያደግሁ ነኝ። እናትየዋ ጠበሉንም ሐኪሙንም ማስኬድ ትችላለች። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ካለበት። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌሎች ይልቅ ስለሚበዛ ነው የማነሣው። ስም መውጣቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ለልጅቷ ስም ወጥቶላት የለም ወይ? «ቅብጥ» ተብላለች፣ «መንፈስ» ተብላለች። ትክክለኛው ቢታወቅ ከእነዚህ የሚብስባት አይመስለኝም።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። በዚሁ በጎንደር የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሳላያት አለባት የለባትም ልልሽ አልችልም። የጻፍሽው ግን በሚገባ መመርመር ያለበት ነገር ነው። «ለምን ማንም አያየውም» ላልሽው መልሱ ከሥሩ ስለሚጀምር ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ሊዮ ካነር የሚባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝምን ሲገልጽ የጻፈው ስለ 11 ልጆች ነበር፤ 8ቱ ወንዶች፣ 3ቱ ሴቶች። በዓመቱ ቪየና ላይ ሃንስ አስፐርገር የጻፈላቸው አራቱም ልጆች ወንዶች ናቸው። ከሁለቱም በፊት በ1920ዎቹ ሞስኮ ላይ ግሩንያ ሱካሬቫ የምትባል ሐኪም ወንዶቹንም ሴቶቹንም መዝግባ ነበር፤ ሥራዋን ግን ዓለም ለረጅም ዘመን ሳያነሣው ቆየ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሐኪም ጭንቅላት ውስጥ የተቀረጸው የወንድ ልጅ መልክ ሆነ። መመርመሪያ መጠይቆቹም የተሠሩት በአብዛኛው ወንዶች በበዙባቸው ጥናቶች ላይ ተመሥርተው ነው። ሴቷ በመጠይቁ ነጥብ አትሞላም፤ ስለማትሞላ ጥናት ውስጥ አትገባም፤ ስለማትገባ መጠይቁ እሷን ሳያውቃት ይቀራል።

ወደ እኛም አገር ስትመጪ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት መነሻዋ የገዛ ልጇ ነበር። ነፍሷን ይማር፣ ብዙዎቻችን ኦቲዝም የሚባል ነገር መኖሩን የሰማነው በእሷ ነው። ያ ልጇም ወንድ ነው። ስለዚህ የኛም ሰው ኦቲዝም ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የማይናገር፣ የሚሮጥ ወንድ ሕፃን ነው፤ መመርመር ያለበት የሚመስለውም እንደ ወንድምሽ ልጅ ያለው ብቻ ነው።

ለብዙ ጊዜ «አራት ወንድ ለአንዲት ሴት» ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የ54 ጥናቶችን ውጤት ባንድ ላይ ያየ ሥራ ግን ቁጥሩ ወደ ሦስት ለአንድ እንደሚጠጋ አሳየ። ከሁሉ የሚገርመኝ ዝርዝሩ ነው፦ ቀድሞ የተመረመሩትን ብቻ ከመቁጠር ይልቅ ወደ ሕዝቡ ወጥተው ልጆችን የፈተሹት ጥናቶች ብዙ ሴቶችን አገኙ። ሴቶቹ ድሮም ነበሩ ማለት ነው፣ ወደ ሐኪም ያመጣቸው አልነበረም እንጂ። የሚያመልጡት ደግሞ በይበልጥ እንደ ልጅሽ በትምህርታቸው የሚበረቱት፣ በጊዜ የተናገሩት ናቸው።

ሌላው፣ ሴቶቹ ይሸፍኑታል። ሌላውን አይተው ይቀዳሉ፣ የሚሉትን በልባቸው ይለማመዳሉ፣ የሚረብሻቸውን ድምፅ ጥርስ ነክሰው ይችሉታል። ወንዶችም ያደርጉታል፣ ግን በሴቶች ላይ በዝቶ ነው የተገኘው። አሜሪካ ውስጥ በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤት ግቢ ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ኦቲዝም ያለባቸው ወንዶች ብቻቸውን ስለሚሆኑ ከሩቅ ይታያሉ። ሴቶቹ ግን ከጓደኞቻቸው አጠገብ እየቆሙ፣ ገባ ወጣ እያሉ ስለሚውሉ ለሚጠብቃቸው መምህር አብረው የሚጫወቱ ይመስላሉ። ቀርበሽ ካላየሽ አይታወቅም።

ሐኪሞች የሚመሩበት የአሜሪካ መጽሐፍ (ዲ.ኤስ.ኤም. 5) እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ይህን ነገር አስገብቶታል፦ ምልክቱ ከልጅነት የሚጀምር ቢሆንም፣ ኑሮ ከልጁ የሚጠይቀው ከዐቅሙ እስኪያልፍ ድረስ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ወይም ልጁ በተለማመደው ዘዴ ሊሸፈን ይችላል። ልብስና ድምፅ አለመቻልም ከመመዘኛዎቹ አንዱ ሆኖ የገባው ያኔ ነው። አሁን የልጅሽን 9ኛ ክፍል በዚህ ዓይን እዪው። አዲስ ትምህርት ቤት፣ ለየትምህርቱ አዲስ መምህር፣ በዚያ ላይ ትቀዳት የነበረችው ጓደኛዋ የለችም። ችላው የኖረችው አሁን ሞልቶ ይሆናል።

በኛ አገር ደግሞ አንድ የሚጨመር አለ፣ አንቺው ጽፈሽዋል። ፈረንጅ ሐኪም «ዓይን ለዓይን ታያለች?» ብሎ ይጠይቃል። ጎንደር ላይ አንዲት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን ስትሰብር የሚመሰገነው አስተዳደጓ ነው። እዚህ መጠየቅ ያለበት ከማን ጋር እንደሆነ ነው። ከእኩያዋስ ጋር? ከታናሽ ወንድሟስ? ደስ ሲላት ልታሳይሽ ፈልጋ ወደ ዓይንሽ ትመለከታለች ወይ? ጨዋነት ለትልቅ ሰው ነው፣ ከእኩያ ጋር ሲሆን ይለቃል፤ ያልለቀቀ እንደሆነ ሌላ ነገር አለ።

ጥንቃቄም ልጨምር። ዝምተኛ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም። ጆሮዋ በደንብ መስማቱ ይመርመር። ጭንቀት ለብቻው እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ነገሩ ዘንድሮ በድንገት የጀመረ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠይቅሽ በመንገድ ወይም በትምህርት ቤት የጎዳት ሰው እንዳለ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ብቻዋን ሆና ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። ኦቲዝም ከሆነ ግን ሥሩ ከሕፃንነት ነው። ሦስትና አራት ዓመት ሳለች እንዴት ነበረች? ምግቡንም ችላ አትበዪው፤ ኦቲዝም ባለባቸው ልጃገረዶች ላይ ምግብ የመተው ችግር ብዙ ጊዜ አብሮ ይታያል።

የአዘዞ ልጅ፦

እታለም፣ ጽሑፍሽን አንብቤ ስጨርስ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ተነሥቼ ቤቱን ስዞር ቆየሁ። 34 ዓመቴ ነው። አዘዞ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን አዲስ አበባ በሂሳብ ሥራ የምተዳደር ነኝ። ኦቲዝም እንዳለብኝ የታወቀው በ31 ዓመቴ፣ ለትምህርት ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ጨጓራ ተብያለሁ፣ ደም ማነስ ተብያለሁ፣ ድብርት ተብያለሁ፣ ዛር ተብያለሁ። ድብርቱ እውነት ነበር፣ መድኃኒቱም ጠቅሞኛል። ከሥሩ ያለውን ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ሲስተር መሸፈን ያለችውን ከውስጥ ሆኜ ልንገርሽ፣ ልጅሽ ራሷ ልትነግርሽ ስለማትችል። እኔ በእሷ ዕድሜ ሌላውም ሰው እንደኔ የሚደክመው ይመስለኝ ስለነበር የሚነገር ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ልጅሽ ቡና ታፈላለች ብለሻል። እኔም ቤት ውስጥ ቡና አፍይዋ ነበርኩ፣ «ባለሙያ» ይሉኝ ነበር። ሰው ያልገባው፣ እንግዳ ባለበት ቤት ከረከቦቱ ኋላ ካለችው በርጩማ ሌላ የምቀመጥበት ቦታ ስላልነበረኝ ነው። ቡና የምታፈላ ሴት ሥራ አላት። ስታጥብ፣ ስትቆላ፣ የሚጨሰውን ለእንግዳ ስታዞር፣ ስትወቅጥ «ተጫወቺ እንጂ» የሚላት የለም። ዓይኗ ጀበናው ላይ ቢተከል ነውር አይሆንባትም። ደግሞ ማለቂያው ይታወቃል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ ይነሣል። ሲኒ አጥባለሁ ብዬ ጓዳ ስገባም የሚከለክለኝ የለም። አንዲት ልጅ በዚህ ሁሉ መሐል ተቀምጣ ውስጧ ሲቃጠል ማን ሊያይ ይችላል? የሚታየው ቆንጆ ቡና ነው።

ሰላምታችንም እንዲሁ ባለውለታዬ ነው። እንዴት ከረማችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆች ደህና፣ እማማስ ደህና፤ ተራው የታወቀ ስለሆነ በቃሌ ይዤው ነበር፣ ማንም አይበልጠኝም። ሰላምታው ሲያልቅ ነው ጉዱ። ሰው ወዲያው ወደ ጨዋታ ይገባል፣ እኔ ግን መግቢያው የት እንደሆነ አላውቅም። ሌሎቹ ሲስቁ ጠብቄ እስቃለሁ። የአክስቴን ልጅ አሳሳቅ ቀድቼ ነበር፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ የምትስቀውን። እስካሁን ሳላስበው እጄ ወደ አፌ ይሄዳል።

ስለ ምግብ ደግሞ ይህን ስሚ። የምበላው የእናቴን ሽሮ ብቻ ነበር፣ ያውም ሽንኩርቱ ቀልጦ የጠፋ ከሆነ። ሁዳዴ ሲገባ ደስታዬ ነው፤ ሰው ሁሉ ሽሮ ስለሚበላ ማንም አያየኝም። «ጾመኛ» አሉኝ። ቀስ እያልኩ ሌላውንም ተውኩ፣ የአዋጅ ያልሆነውንም ጾም ያዝኩ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ፤ የንስሐ አባቴ ናቸው በመጨረሻ ነገሩ አልጥም ብሏቸው እናቴን ጠርተው «ይች ልጅ ትብላ» ያሉት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንቺም የጾሟን ነገር በቅርብ ተከታተዪ።

የኔ የሞላው ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ቤት ሳለሁ ልክ እንደ ልጅሽ ጋቢ ተከናንቤ ጓዳ እገባ ነበር። ዶርም ውስጥ ጓዳ የለም። መብራቱን አንዷ ታጠፋለች፣ አንዷ ታበራለች፤ ሙዚቃ አለ፣ የፀጉር ቅቤ ሽታ አለ፣ ማታ ማታ ተሰብስቦ ማውራት አለ። ቀን ክፍል ውስጥ የተሸከምኩትን የማራግፍበት ቦታ አጣሁ። አንድ ማታ ራሴን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ጀመርኩ፣ ንግግሬም ጠፋ። ልጆቹ ደንግጠው ጸሎት አደረጉልኝ፣ ዘመድ ተጠራ፣ ዛር ነው ተባለ። ኦቲዝም መሆኑ ያን ጊዜ ቢታወቅ ኖሮ የሚያስፈልገኝ ጸጥ ያለ ክፍልና ጨለማ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጅሽ ጋቢዋን ስትከናነብ ተያት። ለምን ትተኛለች የሚል ዘመድ ካለ አንቺ ቁሚላት። የስፌቱን ነገር ሳነብ ደግሞ አለቀስኩ። ማንም ምንም ሳይነግርሽ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጠሽ ሰፋሽላት፤ እኔ እስከ ዛሬ ካልሲዬን ገልብጬ ነው የማደርገው።

መምህር፦

9ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። እውነቱን ለመናገር መምህር የሚያውቀው የሚረብሸውን ነው፣ የሚረብሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ዝም ብላ የምትጽፍ ልጅ ለኛ እረፍት ናት። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትሄጂ «ችግር አለባት ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ መልሱ «የለባትም» ነው የሚሆነው። ይልቅ «በእረፍት ሰዓት የት ናት? ከማን ጋር?» በይ። «የቡድን ሥራ ሲሰጥ ምን ታደርጋለች?» በይ። እነዚህን የተጠየቀ መምህር ለመመለስ ሲል ማየት ይጀምራል።

እኔ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች፣ በእረፍት ሰዓት ሁልጊዜ ሰሌዳ ታጠፋለች። ትጉህ ናት እንል ነበር። ሰሌዳው ከጠራ በኋላም ማጥፋቷን እንደማታቆም ያየሁት ቆይቶ ነው።

ምርመራው እስኪያልቅ ሳትጠብቂ መጠየቅ የምትችዪውም አለ። ከበርና ከመስኮት ራቅ ያለ የፊት ወንበር፣ ፈተና ወይም ክፍል ሲቀየር ቀድሞ እንዲነገራት፣ በድንገት ሰሌዳ ላይ እንዳትጠራ። ለእነዚህ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፣ የክፍል ኃላፊዋን ለብቻው አግኝተሽ ብታናግሪው ይበቃል።

የማራኪዋ ልብስ ሰፊ፦

እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ጋሼ፣ ለእርስዎም አመሰግናለሁ፣ በክፉ አላየሁትም። ልጄን አልሸሽግም ብያለሁ እንጂ።

ሲስተር፣ ስለ ሕፃንነቷ ጠይቀሽኛል። ሦስት ዓመቷ ላይ ስፌት መኪናው ሥር ነበር የምትውለው፣ ቁልፍ ሰጥቻት። እንደ ሌላ ልጅ አትበትነውም፣ አፏ ውስጥም አታስገባም። በመጀመሪያ ባለሁለት ቀዳዳውንና ባለአራት ቀዳዳውን ትለያለች፣ ከዚያ በቀለም፣ ከዚያ በመጠን ደርድራ እግሬ ሥር መስመር ታወጣለች። ደንበኛ ሳያይ ከረገጠባት ጩኸቷ ሰፈሩን ይሰማ ነበር። ደንበኞቼ «ይች ባለሙያ ትሆናለች» ብለው ይመርቋት ነበር። ከእኔ ሌላ ሰው አዝሏትም አያውቅም። አሻንጉሊት ገዝተንላት ነበር፤ ከነቁልፎቹ ጋር በመጠን ትደረድራት ነበር እንጂ አቅፋት አላየሁም። ከታናሽ ወንድሟ ጋርም ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ደስ ሲላት እጄን ትይዛለች፣ ፊቴን ግን አታይም። የጎዳት ሰው እንደሌለም በደንብ ጠይቄያታለሁ።

አሁን የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። የት ልሂድ፣ ምን ይዤ ልሂድ? ለእሷስ ምን ብዬ ልንገራት?

ሲስተር፦

ቁልፎቹን የጻፍሽውን እንዳለ ለሐኪሙ አንብቢለት። የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል ሂዱ። ስትገቡ «ሆዷን ያማታል» ብለሽ አትጀምሪ፣ ወዲያው ወደ ጨጓራ ይሄዳል። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ኦቲዝም እንደሆነ እንድትመረምሩልኝ ነው የመጣሁት» በይ፣ የወንድምሽንም ልጅ ጥቀሺ፣ ኦቲዝም በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም ይጠቅማል። መቼ እንደተናገረች፣ መቼ እንደሄደች የምታስታውሺውን ጻፊ። ያንን ደብተሯን ራሷ ይዛ ትምጣ። እሺ ካለች ከትምህርት ቤት ስትመጣ ያለውን ሁኔታ በስልክሽ ትንሽ ቅረጪ፤ እምቢ ካለች ተዪው፣ ጽፈሽ ብትይዢው ይበቃል። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ጥሩ አድርጋ ሰላም እንደምትል፣ ለተጠየቀችው እንደምትመልስ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በዚያ ብቻ ምንም የለባትም እንዳይሉ። «ዓይን አፋር ናት» የሚል ካጋጠመሽ ተቆጥተሽ አትውጪ፣ የልጅነት ታሪኳ ይጻፍልኝ ብለሽ ጠይቂ። በአንድ ቀጠሮ ላያልቅ ይችላል። የጆሮ ምርመራውንም እዚያው አስደርጊ። ኪሎዋን ዛሬውኑ አስመዝነሽ ጽፈሽ ያዢ።

ኦቲዝም ነው ቢባል የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ አለኝ የሚልሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን አትስጪ። ጭንቀቱ፣ እንቅልፉ፣ አበላሉ ግን ይታከማል።

የአዘዞ ልጅ፦

ለእሷ ንገሪያት። ደብቀሻት ሆስፒታል ብትወስጃት የምታስበው «ምን አጠፋሁ» ብላ ነው። ብዙ ቃል አያስፈልግም። «ስፌት እንደሚወጋሽ፣ ድምፅ እንደሚከብድሽ፣ ሰው መሐል ውለሽ ስትመጪ እንደሚደክምሽ አውቃለሁ። እንዲህ የሚሆኑ ሌሎች ሴቶችም አሉ። ሐኪም እንጠይቅ» በያት። ቀኑን ቀድመሽ ንገሪያት፣ በየት በር እንደምትገቡ፣ ማን እንደሚያናግራት፣ ስንት ሰዓት ገደማ እንደምትመለሱ። ከፈለገች በጽሑፍ ትመልስ፣ እኔ ስጨነቅ የሚወጣልኝ በጽሑፍ ነው። ለእኔ መጻፍ ከፈለገችም በአንቺ በኩል እመልስላታለሁ።

የማራኪዋ ልብስ ሰፊ፦

ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ሌሎቹ ሴቶች የት ናቸው?» አለችኝ። አንዷ የአዘዞ ልጅ ናት አልኳት። ትጽፍልሻለች፣ ሰላምታ ግን አልጽፍም ብላለች፣ ቀጥታ ወደ ጥያቄው እገባለሁ ነው የምትል።

የአዘዞ ልጅ፦

ትግባ። እኔም ሰላምታ ሳልጽፍ ነው የምመልስላት።

ሲስተር፦

በጠዋት ድረሱ፣ ቁርሷን በልታ ትምጣ። መጠበቂያው ጫጫታ ስለሆነ ካርዱን አንቺ ስታወጪ እሷ ውጭ ከወንድምሽ ጋር ትቆይ፣ ስም የሚጠራውን ሰው ቀድመሽ አነጋግሪው። ስፌቱ የተገለበጠውን ልብሷን ለብሳ ትምጣ፣ ለዕለቱ ብለሽ አዲስ እንዳታለብሻት።